የወጣ ሐሞት ከረጢት እንዴት ይያዛል፣ እንዴት ይመረመራል? ካንሰሩ የሚደበቅበትና የሚሰራጭበት መንገድ

ለሐሞት ጠጠር ተብለው ከሚወጡ ሐሞት ከረጢቶች መካከል፣ እንደ አገሩ ሁኔታ፣ ከ0.2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት ማንም ያልጠረጠረውን ካንሰር ይዘው ይወጣሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ይህ በሽታ በጊዜ የሚገኝበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ራሱ ምልክት አሳይቶ የመጣ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ወይ ጉበት ውስጥ ገብቷል ወይ የሐሞት ቱቦውን ዘግቷል። በአጋጣሚ የተገኘው ግን ገና ከግድግዳው ያልወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩን ሕክምና የሚወስነውም በዚያች ስስ ግድግዳ ውስጥ ስንት ሽፋን እንዳለፈ ነው። ይህ ልኬት የሚበላሸው ደግሞ በአብዛኛው ማይክሮስኮፑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው፦ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ጠርሙስ ውስጥ፣ ወይም ከመተማ ወደ ጎንደር በሚመጣ አውቶቡስ ላይ።

የተጻፈው በጎንደርና በዙሪያው ባሉ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ሬዚደንቶች፣ ስክራብ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ናሙናውን ተሸክሞ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ለእነሱ ምን እንደሚነገርም ተካቷል።

ከኦፕሬሽኑ በፊት

እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያመመ ሁሉ «ጨጓራ» ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ «የወፍ በሽታ» ይባልና ወደ ባህል ሐኪም ይኬዳል። የሐሞት ከረጢት ካንሰር በሁለቱም ስሞች ስር ለወራት ይደበቃል። ዕድሜዋ 60ን የተሻገረ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ይመጣና ይሄድ የነበረው ቁርጠት ወደማያቋርጥ ሕመም የተለወጠባት፣ ምግብ ያስጠላትና ልብሷ የሰፋት ሴት ከመጣች ሌላ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። በሽታው በሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ከታማሚዎቹ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ጠጠር አላቸው። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ጠጠር ካለባቸው ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ከሦስት አይበልጡም፤ ስለዚህ ጠጠር የተገኘባትን ሁሉ ማስፈራራት ጥቅም የለውም።

አልትራሳውንድ ከመታየቷ በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት መጾም አለባት። «ምንም አልበላሁም፣ ቡና ብቻ ነው» ከተባለ ቀጠሮውን ማሸጋገር ይሻላል፤ ቡና ከረጢቱ እንዲኮማተር ያደርጋል፣ የተኮማተረ ከረጢት ግድግዳ ደግሞ ጤነኛውም ቢሆን ወፍሮ ይታያል። በዓቢይ ጾም ወቅት የጠዋት ቀጠሮ በዚህ ረገድ ይመቻል። የሚፈለገው ይህ ነው፦ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ ግድግዳ፣ በተለይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የወፈረ፤ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ (ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያደገ እባጭ)፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጠጠር፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ካልሲየም፤ ከረጢቱን የሞላ ጥጥር ነገር። በጎኗ አገላብጣችሁ ዳግም እዩ። ጠጠርና ዝቃጭ ይንሸራተታል፣ ዕጢ ካለበት አይነቃነቅም። ያልተነቃነቀ ጠጠርም ዕጢ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል።

ስለ ታይፎይድ አንድ ነገር እንበል። የታይፎይድ ባክቴሪያ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር «ታይፎይድ አለብሽ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ዊዳል ፖዘቲቭ መሆን ተሸካሚ መሆን አይደለም። ተሸካሚ የሚባለው ባክቴሪያው በሰገራ ወይም በሐሞት ካልቸር ከአንድ ዓመት በላይ የሚበቅልበት ሰው ነው። የዊዳል ወረቀት ክምር አይታችሁ የካንሰር ስጋት ብላችሁ አትመዝግቡ።

ካንሰር ከተጠረጠረ ከረጢቱን ብቻ ለማውጣት አትግቡ። በመርፌም ናሙና አትውሰዱ፤ ሊወጣ የሚችል ዕጢ ከሆነ መርፌው ሴሎችን በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሊዘራ ይችላል። መጀመሪያ ሲቲ ስካን፣ ቀጥሎም ጉበት መቁረጥ ወደሚችል ቡድን ሪፈር ማድረግ ነው።

ግድግዳው

ጤነኛ ሐሞት ከረጢት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሐሞት ይይዛል፤ ግድግዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠር ኤፒተሊየም (የውስጥ ገጹ ሴሎች)፣ ላሚና ፕሮፕሪያ (ከስሩ ያለ ስስ ደጋፊ ሽፋን፤ ሁለቱ አብረው ሙኮዛ ይባላሉ)፣ ጡንቻ፣ ከጡንቻው ውጭ ያለ ልል ተያያዥ ቲሹ፣ በመጨረሻም ሴሮዛ (የውጭ ልባስ) ነው። አንጀት ላይ የምናውቀው ሰብሙኮዛ (በሙኮዛና በጡንቻ መካከል ያለ ሽፋን) እዚህ የለም። ካንሰሩ ላሚና ፕሮፕሪያን እንዳለፈ ጡንቻ ላይ ነው፤ መሃል ላይ የሚያቆመው ሽፋን አያገኝም።

ሁለተኛው ልዩነት ከጉበት ጋር የተጣበቀው ገጽ ነው። በዚያ በኩል ሴሮዛ የለም። ከጡንቻው ውጭ ያለው ተያያዥ ቲሹ በቀጥታ ከጉበቱ ተያያዥ ቲሹ ጋር ይቀላቀላል። ሰርጅኑ ለጠጠር ብሎ ከረጢቱን ከጉበት የሚያላቅቀው ደግሞ ልክ በዚህ ልል ቲሹ መካከል እየሄደ ነው። ካንሰሩ በጉበት በኩል ይህን ሽፋን ከያዘ መቀሱ ያለፈው በዕጢው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ግማሹ ጠርሙስ ውስጥ፣ ግማሹ ጉበቱ ላይ ይቀራል። በጉበት በኩልና በነጻው በኩል ያለ ካንሰር ለየብቻ የሚመደበው ለዚህ ነው።

የዕጢው አመጣጥ ቶሎ የሚሆን አይደለም። ጠጠር ለዓመታት የሚፋትገው ሙኮዛ መጀመሪያ የጨጓራ ወይም የአንጀት ሙኮዛ መልክ ይይዛል፤ ቀጥሎ ዲስፕላዚያ (ቅድመ ካንሰር የሴል ለውጥ) ይመጣል፤ ከዚያ ከቦታው ያልወጣ ካንሰር፤ በመጨረሻም ሰርሳሪው። ጉዞው በግምት 15 ዓመት ይፈጃል። ከአዴኖማ ፖሊፕ የሚነሳው በጣም አነስተኛ ነው። ከአስሩ ዘጠኙ አዴኖካርሲኖማ (ከፈሳሽ አመንጪ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ነው፤ ቀሪው አዴኖስኳመስ፣ ስኳመስና ኒውሮኢንዶክራይን ይሆናል። 60 በመቶው ከረጢቱ ጫፍ ፈንደስ ላይ፣ 30 በመቶው አካሉ ላይ፣ 10 በመቶው አንገቱ ላይ ይነሳል።

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ

ከረጢቱን አትብሱት። የፈሰሰ ሐሞት የካንሰር ሴል ከያዘ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይዘራል። በላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ) ሲሠራ ከረጢቱን በማውጫ ቦርሳ አድርጎ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ቦርሳው ካለቀ ዱቄት የሌለው ስቴራይል ጓንት፣ ጣቶቹ ታስረው፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ያለ ቦርሳ በጠባብ ቀዳዳ የተጎተተ ከረጢት ወራት ቆይቶ እዚያው ቀዳዳ ላይ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል። ከፈሰሰም «ፈስሷል» ተብሎ ኦፕሬሽን ኖት ላይ ይጻፍ፤ በኋላ የሚያክማት ሐኪም ይህችን ቃል ይፈልጋታል።

ሆዱ ተከፍቶ ሳለ ጠንካራ፣ ነጣ ያለ፣ ጉበት ላይ የተሰፋ የሚመስል ነገር ካጋጠመና ጉበት ለመቁረጥ ዝግጅት ከሌለ አትነካኩት። ባዮፕሲ (ቁራጭ ናሙና) አትውሰዱ፤ ጉበቱን፣ ፔሪቶኒየሙን (የሆድ ዕቃ ሽፋኑን) እና ሊምፍ ኖዶቹን (ንፍፊቶቹን) በዓይን ቃኝታችሁ ያያችሁትን መዝግቡ፣ ሆዱን ዝጉ፣ ሪፈር ጻፉ። በግማሽ ተቆርጦ ከመጣ ዕጢ ይልቅ ያልተነካ ዕጢ ለቀጣዩ ሰርጅን ይሻለዋል።

ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ብዙ ቦታ የሚደረገው ጠጠሮቹን በጓንት ጠቅልሎ ለቤተሰብ ማሳየትና ከረጢቱን ባልዲ ውስጥ መጣል ነው። ቤተሰብ ጠጠሩን ማየት መፈለጉ አይገርምም፣ ያሳዩአቸው። ባልዲው ነው ጥፋቱ። ጠጠር ካንሰር ስለመኖሩ ምንም አይናገርም።

ከመላኩ በፊት የሲስቲክ ቱቦው (ከረጢቱን ከዋናው ሐሞት ቱቦ የሚያገናኘው) ጫፍ ላይ አንድ አጭር የክር ምልክት፣ ጉበት ላይ ተጣብቆ የነበረው ገጽ ላይ አንድ ረጅም ክር እሰሩና ይህንኑ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ያደረ ከረጢት ተጨማትሮ ስለሚመጣ ክር ከሌለው የቱ ጎን ጉበት እንደነበር መለየት ያስቸግራል።

ከዚያ ይከፈታል። ሳይከፈት ፎርማሊን ውስጥ የተጣለ ከረጢት ሐሞቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ፎርማሊኑ ከውጭ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየገባ ሳለ ሐሞቱ ሙኮዛውን ከውስጥ ያሟሟዋል። ካንሰሩ የሚጀምረው ደግሞ ሙኮዛው ላይ ነው። መቀሱን በፈንደሱ ጫፍ፣ ሴሮዛ ባለው ነጻ ገጽ በኩል አስገቡና ወደ አንገቱ በአንድ መስመር ክፈቱ። በጉበት በኩል አትቁረጡ፤ መለካት ያለበት ጠርዝ እዚያ ነው። ነጻው ገጽ ላይ እባጭ ከተዳሰሰ መስመሩን ከጎኑ አሳልፉ። ሐሞቱን በኖርማል ሳላይን በቀስታ እጠቡ፤ በጋዝ አትጥረጉ። ጠጠሮቹን አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ አድርጉ። አብረው ከተላኩ መንገዱን ሙሉ እየተንቀጫቀጩ ሙኮዛውን ይልጡታል፤ ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስትም «ሙኮዛው ተልጧል፣ መገምገም አልተቻለም» ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

ፎርማሊኑ፣ ጠርሙሱና መንገዱ

10 በመቶ ፎርማሊን ማለት ከገበያ የሚመጣው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ነው። ለአንድ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ከዋናው፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ሞኖሃይድሬት እና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ይገባል። ጨዎቹ ከጎደሉ አሲድ ይሆንና ቲሹው ላይ ጥቁር ቡናማ ደቃቅ ዝቃጭ ይተዋል። ሳላይን ውስጥ ማስቀመጥ ማቆየት አይደለም፤ ቲሹው እዚያው ይበሰብሳል። በረዶ ላይ ማድረግም ፎርማሊንን አይተካም፤ ቲሹው ራሱ በረዶ ከሆነ ሴሉ ይፈነዳል።

የፎርማሊኑ መጠን ቢያንስ የናሙናውን 10 እጥፍ መሆን አለበት። ለአንድ ከረጢት ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰፊ አፍ ያለው የአንድ ሊትር ዕቃ ያስፈልጋል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም። ለስላሳ ሆኖ በጠባቡ አንገት ተገፍቶ የገባ ከረጢት በማግስቱ ደርቆ አይወጣም፤ ፕላስቲኩን መቅደድ ይመጣል፣ በጠባብ ቦታ ተጣጥፎ ስለደረቀም ቀጥ ብሎ አይቆረጥም።

ስሙ የሚጻፈው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው፤ ክዳን ይለዋወጣል። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፎርማሊን ሲነካው ይጠፋል። ቀንና ሰዓት ላይ ደግሞ እዚህ አገር ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። «03/02» ተብሎ የተጻፈ ጥቅምት 3 ይሁን ፌብሩዋሪ 3 ማንም አያውቅም፤ «5:00» ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አይለይም። የወሩን ስም በፊደል፣ ሰዓቱንም «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ብላችሁ ጻፉ። ከሰውነት የወጣበት ሰዓትና ፎርማሊን የነካበት ሰዓት ሁለቱም ይመዝገቡ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ፎርማሊን ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ እንደ ሄር2 ያለው (ለመድኃኒት ምርጫ የሚረዳ የፕሮቲን) ምርመራ ውጤቱ አስተማማኝ አይሆንም። ይህ ማለት ከቆላ የሚመጣ ናሙና ውጤት መቀበያው ቀን እስኪደርስ ቤት መቀመጥ የለበትም ማለት ነው።

ለሚወስደው ሰው በግልጽ ንገሩት፦ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ አይከፈትም፣ አይዘቀዘቅም። ከስንቅ ጋር አንድ ዘንቢል ውስጥ አይግባ። ቢፈስ ውሃ አይጨምሩበት፣ ወደ እኛ ይደውሉ። በዛሬው መኪና ይሂዱ፣ መናኸሪያ እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይግቡ።» ዕቃው በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ ወረቀቱ ለብቻው በሌላ ፌስታል ይሁን። ፎርማልዲሃይድ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ ራሱም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ልጅ እንዲሸከመው አይሰጥም።

መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ

መጀመሪያ ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ። የሲስቲክ ቱቦውን ጠርዝ እንደ ቀለበት በስሱ ቆርጣችሁ በራሱ ካሴት (ቁራጭ የሚያዝበት ትንሽ ሳጥን) አስገቡ። አንገቱ ላይ ባለው ስብ ውስጥ በጣት ፈልጉ፤ አንድ የሲስቲክ ሊምፍ ኖድ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ፣ ሳይታይም ይጣላል። ጉበት በኩል ያለውን ገጽ ቀለም ቀቡ። የላቦራቶሪ ቀለም ከሌለ ኢንዲያ ኢንክ ተቀብቶ በደካማ አሴቲክ አሲድ ሲነካ ይይዛል። ከዚያ ሙኮዛው ወደ ላይ ሆኖ ቡሽ ላይ በስፒል ይወጠር።

አሁን እዩ፣ በጣትም ዳስሱ። ጤነኛ ሙኮዛ ቀጭን መረብ የመሰለ ለስላሳ ነው። ካንሰር ሲኖር ቦታው ይነጣል፣ ይጠነክራል፣ ቢላዋ ሲያልፍበት ይንኮሻኮሻል። አንዳንዱ እንደ ጎመን አበባ ወደ ውስጥ ያድጋል፤ ይህ ቀላሉ ነው፣ ማንም አያልፈውም። የሚያታልለው ጠፍጣፋው ነው፤ ለዓመታት ከቆሰለ ከረጢት ጠባሳ ምንም አይለይም። ስለዚህ «ምንም የለም» ከሚባል ከረጢት ቢያንስ ከፈንደስ፣ ከአካልና ከአንገት አንዳንድ ቁራጭ፣ ከሲስቲክ ጠርዙ ጋር፣ ይወሰድ። የወፈረ ቦታ ሁሉ ይጨመር። በእነዚህ ውስጥ ከፍተኛ ዲስፕላዚያ ከተገኘ ግን ሙሉ ከረጢቱ ተቆራርጦ ይግባ፤ ሰርሳሪው ካንሰር ብዙ ጊዜ ከዲስፕላዚያው አጠገብ፣ ባልተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነው። የቀረው ቲሹ ውጤቱ እስኪወጣ የማይጣለውም ለዚህ ነው።

ዕጢ ከታየ በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ርቀት ከግድግዳው ጋር ቀጥ ባለ አቅጣጫ ቁረጡ። ቢላዋው ከተንጋደደ ስስ ግድግዳ ወፍሮ ይታያል፣ ጡንቻ ላይ የቆመውም ያለፈ ይመስላል። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ ከቀለሙ ጋር በአንድ ካሴት ይግባ፤ የዕጢው ዳርቻ ከጤነኛው ሙኮዛ ጋር ሌላ ካሴት።

ማይክሮስኮፑ ስር ትልቁ ወጥመድ ሮኪታንስኪ አሾፍ የሚባሉት ጉድጓዶች ናቸው። ጠጠር ያቆሰለው ከረጢት ሙኮዛ በጡንቻው መካከል ወደ ውጭ ይሰምጣል፤ ይህ በራሱ ካንሰር አይደለም። ዲስፕላዚያ እነዚህን ጉድጓዶች ተከትሎ ሲወርድ ግን ጡንቻ የሰረሰረ ይመስላል። ጉድጓዶቹ ከሙኮዛው ጋር የተያያዙ፣ ለገጹ ቀጥ ብለው የሚወርዱና ክብ አፍ ያላቸው ናቸው። የሰርሳሪው ካንሰር ግላንዶች (ቱቦ መሰል የሴል ክበቦች) ግን ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው ይጋደማሉ፣ ማዕዘናቸው የሾለ ነው፣ ዙሪያቸውን አዲስ ጠባሳ ይከባቸዋል፤ በአንድ ግላንድ ውስጥ እንኳ የኒውክለሶቹ መጠን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ነርቭ ዙሪያ ከተገኘ ሚዛኑ ወደ ካንሰር በጣም ያደላል። በሌላ በኩል ዛንቶግራኑሎማተስ ኮሌሲስታይትስ የሚባለው እብጠት ግድግዳውን አወፍሮ ጉበት ላይ ይጣበቃል፤ በዓይንም በሲቲም ካንሰር ይመስላል፣ ስላይዱ ግን ስብ የዋጡ፣ ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎችን ብቻ ያሳያል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ስለሚችሉ አንድ ቁራጭ አይቶ መፍረድ አይገባም።

ወዴት ይሄዳል

ቅርቡ ጎረቤት ጉበት ነው፤ በተለይ ሴግመንት 4ቢ እና 5 የሚባሉት ክፍሎቹ፣ ከረጢቱ የተኛባቸው። ዕጢው በቀጥታ ሰርስሮ ይገባል። ሌላም አጭር መንገድ አለ፦ ከከረጢቱ የሚወጡ ትናንሽ ደም መላሽ ሥሮች ረጅም ጉዞ ሳይሄዱ እዚያው ሴግመንት 4 እና 5 ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ከዕጢው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቀው የተቀመጡ ደቃቅ ሥርጭቶች ሊገኙ ይችላሉ። ሰርጅኖች በዳግም ኦፕሬሽን የጉበቱን ይህን ክፍል የሚያነሱት በዓይን የሚታይ ነገር ባይኖርም ነው። ከፈንደስ ወደ ፊትና ወደ ታች ኦመንተም (የሆድ ሞራ)፣ የትልቁ አንጀት ቀኝ መታጠፊያና ዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) አሉ።

ሊምፉ የሚጀምረው ከሲስቲክ ኖድ ነው፤ ከዚያ በዋናው ሐሞት ቱቦ ጎን ይወርዳል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይከፈላል፦ አንዱ ከቆሽት ራስ ጀርባ፣ አንዱ ወደ ሲሊያክ ደም ቅዳ ሥር፣ አንዱ ወደ ላይኛው የአንጀት ደም ቅዳ ሥር። ሁሉም በአኦርታና በቬና ካቫ፣ በሁለቱ ዋና የደም ሥሮች፣ መካከል ይገናኛሉ፤ እዚያ የደረሰ ኖድ እንደ ሩቅ ሥርጭት ይቆጠራል፣ ትልቅ ኦፕሬሽንም አይጠቅመውም። ልምድ ያለው ሰርጅን ጉበቱን ከመንካቱ በፊት ያንን ቦታ አይቶ ናሙና የሚልከው ለዚህ ነው። የጥልቀቱና የኖዱ ዝምድና በጣም ጥብቅ ነው። ላሚና ፕሮፕሪያ ላይ የቆመ ካንሰር ኖድ የያዘው ከ100 ሁለት ያህል ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ጡንቻ ሲነካ ከ10 በመቶ ይበልጣል፤ ጡንቻውን ሲያልፍ አንድ ሦስተኛና ከዚያ በላይ ይሆናል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ያን ያህል ይለውጣል።

አንገቱ ላይ የተነሳ ዕጢ በትንሽነቱ ቱቦውን ስለሚይዝ ቢጫነት ቶሎ ያመጣል። ፈንደስ ላይ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ ያድጋል፤ ቢጫነት ያመጣው ከሆነ ወይ ወደ ቱቦው ደርሷል ወይ ኖዶቹ ቱቦውን ከውጭ ጨቁነዋል። በፔሪቶኒየም የተዘራው ኦመንተም ላይ፣ እምብርት ላይ፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ኦቫሪ ላይ ይቀመጣል። የሁለቱም ጎን ኦቫሪ ዕጢና የሐሞት ጠጠር ያለባት ሴት ስትመጣ ኦቫሪውን ብቻ አይተው የሚያክሙ አሉ፤ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን ወደ ላይ አንድ ጊዜ ማሳረፍ ነበር የቀረው። ሳንባና አጥንት የሚከተሉት ዘግይተው ነው።

ውጤቱ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስምንተኛ ዕትም የደረጃ አመዳደብ (ቲ ጥልቀትን፣ ኤን የተያዙ ኖዶችን ያመለክታል) ቲ1ኤ ማለት ላሚና ፕሮፕሪያ፣ ቲ1ቢ ጡንቻ ነው። ቲ2ኤ ጡንቻውን አልፎ በነጻው ገጽ፣ ቲ2ቢ በጉበት በኩል ነው፤ የኋለኛው የከፋ ነው። ቲ3 ሴሮዛውን ቀድዶ የወጣ፣ ወይም ጉበት ወይም አንድ ሌላ ጎረቤት አካል የገባ ነው። ቲ4 ዋናውን ፖርታል ቬን ወይም የጉበት ደም ቅዳ ሥር፣ ወይም ከጉበት ውጭ ሁለትና ከዚያ በላይ አካላትን የያዘ ነው። ከ1 እስከ 3 ኖድ ኤን1፣ 4ና ከዚያ በላይ ኤን2 ይባላል፤ ይህን ለማለት ቢያንስ 6 ኖድ መቆጠር አለበት።

«አዴኖካርሲኖማ» ብቻ የሚል ወረቀት ከመጣ አትቀበሉት፤ ደውላችሁ ጠይቁ። መኖር ያለበት፦ ዓይነትና ግሬድ (የሴሎቹ መዛባት መጠን)፣ ጥልቀት በሽፋን ስም፣ በየትኛው ጎን፣ የሲስቲክ ቱቦ ጠርዝ፣ በጉበት በኩል ያለ ጠርዝ፣ ሥርና ነርቭ መያዝ አለመያዙ፣ የኖድ ቁጥር።

ቲ1ኤ ሆኖ ጠርዙ ንጹህ ከሆነ የወጣው ከረጢት በቂ ነው፤ ክትትል ብቻ ይቀራል። ከቲ1ቢ እስከ ቲ3፣ ሕመምተኛዋ ኦፕሬሽን የምትችልና ሥርጭት የሌላት ከሆነ፣ የሴግመንት 4ቢና 5 ክፍልና ኖዶቹ ይነሳሉ። ቲ2 ሆነው ዳግም ከተከፈቱት ግማሽ ያህሉ ላይ የቀረ ካንሰር ይገኛል፤ «ሁሉም ወጥቶ የለም እንዴ?» ለሚል ቤተሰብ መልሱ ይኸው ነው። የሲስቲክ ጠርዙ ካንሰር ከያዘ ሐሞት ቱቦው ጭምር ሊወጣ ይችላል። የላፓሮስኮፒ ቀዳዳዎቹን ቆርጦ ማውጣት ዕድሜ ስላልጨመረ በመደበኛነት አይደረግም። ከመጀመሪያው ኦፕሬሽን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ያለው ጊዜ ለዳግሙ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቁስሉ ይረጋል፣ ድብቅ ሥርጭትም ካለ በሲቲ ለመታየት ጊዜ ያገኛል። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ካፔሲታቢን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ለስድስት ወር፣ በ8 ዙር፣ ይሰጣል፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ቢልካፕ የተባለ ጥናት ነው።

ቢጫ ሆና የመጣችን ሕመምተኛ ሲኤ 19-9 (በደም የሚለካ የካንሰር ጠቋሚ) ለክታችሁ በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ፤ የተዘጋ ቱቦ ብቻውን ያንን ቁጥር ይሰቅለዋል። አይኤንአር (የደም መርጊያ ጊዜ ልኬት) ተመልከቱ፤ ከረዘመ ቫይታሚን ኬ 10 ሚሊ ግራም ይሰጣት። ዕጢው የማይወጣ ከሆነ ቱቦውን በስቴንት (ውስጡ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መክፈት ማሳከኩን ያቆማል፣ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የሚባሉትን የካንሰር መድኃኒቶችም ለመጀመር ያስችላል። የሕመም ማስታገሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታዘዛል፣ ሞርፊንም ቢሆን።

አሠራሩ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የቁስሉ ስፌት ክር ይነቀላል፣ ሴትየዋ በለሳ ወይም ጭልጋ ትገባለች፣ ወረቀቱ ከሳምንታት በኋላ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ስትወጣ ሁለት ስልክ ውሰዱ፤ አንዱ የራሷ ወይም የልጇ፣ ሌላው የጎረቤት ወይም የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የተላኩ ናሙናዎች መዝገብ ይኑር፦ የተላከበት ቀን፣ ውጤቱ የመጣበት ቀን፣ ማን ደውሎ እንደነገራት። በየሳምንቱ ሰኞ ያልተሞላው መስመር ይታይ። በጤና መድን የምትታከም ከሆነ ለዳግሙ ኦፕሬሽን የሪፈር ወረቀቷ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ አለዚያ ከ8ቱ ሳምንት ሁለቱ በወረቀት ያልቃሉ።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትላክ ከውጤቱ ወረቀት ጋር ኦፕሬሽን ኖቱን፣ ስላይዶቹንና አንድ ዕጢ ያለበት ፓራፊን ብሎክ (በሰም የተያዘ የቲሹ ቁራጭ) ስጧት። ብሎኩ በሙቀት ስለሚቀልጥ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ስር እንዳይቀመጥ ንገሯቸው። ከላቦራቶሪው ሲወጣም የብሎኩ ቁጥርና የተረካቢው ስምና ስልክ መዝገብ ላይ ይፈረምበት።